ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር እንመለስ ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፦

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ባለፈው ዓመት እኔ፣ ባለቤቴና የስምንት ዓመት ወንድ ልጃችን የዓመት ዕረፍታችንን በባሕር ዳርቻ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ለማሳለፍ፣ ልክ ከወደቡ አፋፍ ላይ ቤት ተከራይተን ሰባት ቀን ተቀመጥን። በፎቶግራፍ ያየነው በሰማያዊ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ባለቀለም ጀልባዎችን ነበር፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስንደርስ ግን ወደቡ ጭቃ ሆኖ፣ ጀልባዎቹም በጎናቸው ተጋድመው አገኘናቸው። የመጀመሪያው ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ የሚቀጥለው በአሥር ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከዚያ ደግሞ ሊነጋ ሲል የሞተር ድምፅ ከእንቅልፋችን ቀሰቀሰን። ባለቤቴ መረብ የሚጠግኑ ሰዎችን ፎቶ ሲያነሣ አንድ ሽማግሌ ተቆጥተው ፊታቸውን አዞሩበት። በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ደግሞ እኔና ልጄ ከአሸዋው ማዶ ባለች ዐለት ላይ ሸርጣን ስናይ ቆይተን፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን ዘወር ብንል የመጣንበት መንገድ ውኃ ሆኗል። እስከ ወገቤ ገብቼ ልጄን ተሸክሜ ወጣሁ። ዘንድሮ ባለቤቴ እዚያው እንመለስ ይላል፤ እኔ የመዋኛ ገንዳ ያለው ሆቴል እመርጣለሁ። እሱ «አንቺ ባሕር ፈርተሻል» ይለኛል። ማናችን ነን ትክክል? ወይስ እንዲህ ያለው ቦታ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው አይሆንም?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ አራቱም ቅሬታዎችዎ እኩል መስለውኝ ነበር፤ በሁለተኛው ግን አንደኛው ከሌሎቹ ተነጥሎ ወጣ። ጭቃው፣ የሞተሩ ጩኸትና የሽማግሌው ቁጣ የዕረፍትን ደስታ የሚያደፈርሱ ነገሮች ናቸው፤ በዐለቱ ላይ የገጠመዎት ግን የሕይወት ጉዳይ ነበር። እስከ ወገቧ ውኃ ገብታ ልጇን ተሸክማ የወጣች እናት ደግሞ ፈሪ አትባልም። በዚህ ጉዳይ ላይ ባለቤትዎ ተሳስተዋልና፣ ቃላቸውን እንዲያነሡ ይህንን አንቀጽ ሊያነቡላቸው ይችላሉ።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ለእርሳቸውም የማደላበት ነገር አለ፤ እንድትመለሱ እመክራለሁ። ምክንያቱም ደብዳቤዎ ውስጥ የጻፏቸውን ሰዓቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ ከአራቱ ችግሮች ሦስቱን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ሆነው አገኘኋቸው። እናንተ የኖራችሁት በእጃችሁ ባለው ሰዓት ነው፤ መንደሩ የሚኖረው በውኃው ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ደግሞ አይገጥሙም።

በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት የጨረቃ ስበት ሲሆን የፀሐይም እጅ አለበት። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው ጉድለት ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሙላትና ሁለቱ ጉድለት ተፈጽመው ዙሩ የሚዘጋው በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። እንግዳን የምታሳስተው ይህች የ50 ደቂቃ ትርፍ ናት። ትናንት ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ፍጹም ጎድሎ ያያችሁት ባሕር፣ ዛሬ እዚያ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ወደ አሥር ሰዓት ሲቃረብ ነው፤ ነገ ከዚያ ይገፋል፤ ሳምንት ሲሞላ ነገሩ ፈጽሞ ይገለበጥና በመጣችሁበት ቀን ደረቅ የነበረው ቦታ በዚያው ሰዓት በውኃ ተሸፍኖ ይገኛል።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ስትደርሱ ወደቡ ጭቃ ከነበረ፣ ባሕሩ የዚያን ዕለት ጠዋት መጨረሻው ጉድለት ላይ ነበር ማለት ነው። በየቀኑ 50 ደቂቃ ስንጨምር በአራተኛው ቀን ያው ጉድለት የሚውለው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። እናንተ ምሳ በልታችሁ ወደ ዐለቷ ስትሄዱ ባሕሩ መመለስ ከጀመረ ቆይቷል፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሙላቱ ሦስተኛ ሰዓቱን እያጋመሰ ነው። ይህ ሦስተኛው ሰዓት ደግሞ፣ ከአራተኛው ጋር፣ ውኃው ከሁሉም ፈጥኖ የሚጨምርበት ሰዓት ነው።

ለምን ቢባል፣ ውኃው በእኩል ፍጥነት አይመጣም። ባሕረኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፤ በጉድለትና በሙላት መካከል ያለውን ከፍታ ለ12 ይካፈሉታል፤ ውኃው በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት እጅ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ሦስት ሦስት እጅ ይጨምራል፤ ከዚያ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ እጅ ጨምሮ ይቆማል። ልዩነቱ 4 ሜትር በሆነበት ዳርቻ ላይ ይህንን ስሌት ብናደርገው፣ በመጀመሪያው ሰዓት ውኃው ከ33 ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ዐለት ላይ የተቀመጠ ሰው ይህንን አይቶ «ገና ነው» ይላል። በሦስተኛው ሰዓት ግን አንድ ሜትር ሙሉ ይጨምራል፤ አንድ ሜትር ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ ደረት ላይ ይደርሳል። ሌላም ነገር አለ። አሸዋው ለዓይን ሜዳ ቢመስልም ዝቅ ያሉ ቦዮች አሉበት፤ ውኃው አስቀድሞ የሚሞላው እነርሱን ነው፤ ስለዚህ እርስዎ ከፊትዎ ያለውን ባሕር እያዩ ሳለ ከኋላዎ ያለው መንገድ ቀድሞ ይዘጋል። እርስዎ «ዘወር ብንል» ብለው የጻፉት ይህንኑ ነው።

ነገሩን ያጋነንኩ እንዳይመስልብኝ አንድ እውነት ልጨምር። በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ በሞርካም ባሕረ ሰላጤ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በጨለማ ዛጎል ሲለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ሠራተኞች በሙላት ተከበው ሰጥመዋል። ለእንጀራቸው ሲሉ አሸዋው ላይ የቆሙ ሰዎችን ያልማረ ባሕር፣ ሸርጣን የሚቆጥርን ልጅ አይምርም። በአንጻሩ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ ላይ በሚገኙ አብዛኞቹ መንደሮች የሙላትና የጉድለት ልዩነት በሜትር ሳይሆን በሴንቲሜትር የሚለካ በመሆኑ ጉዳዩ እምብዛም አያሳስብም፤ በካናዳ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ አንዱን ዳርቻ ያወቀ ሰው ሁሉንም አወቅሁ ብሎ መኩራራት የለበትም።

መፍትሔው ግን አስቸጋሪ አይደለም። በእያንዳንዱ ወደብ ማለት ይቻላል የሙላትና የጉድለት የሰዓት ሰንጠረዥ በቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወይም በአነስተኛ መጽሐፍ ታትሞ ይገኛል፤ ስልክ ላይም አለ። በደረሳችሁበት ቀን የሳምንቱን ሁሉ ሰዓት በወረቀት ገልብጣችሁ በር ላይ ለጥፉት፤ ይህንን ሥራ ለልጅዎ ቢሰጡት ደግሞ ከማንኛውም ጨዋታ ይበልጥ ይወደዋል። ወደ ዐለትና ወደ አሸዋ የሚኬደው ውኃው እየጎደለ ሳለ ነው፤ ፊት ወደ የብስ የሚዞረው ደግሞ መጨረሻው ጉድለት ከመድረሱ በፊት ነው። ለመመለሻው ሰዓት የስልክ ማንቂያ ሙሉ፤ ማንቂያው ሲጮህ ሸርጣኑ ምንም ያህል ቢያምር ተነሡ። በመንደሩ ያገኛችሁትን ሰው ደግሞ «ወዴት መሄድ አይገባንም?» ብላችሁ ጠይቁ። «የት እንሂድ?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ሰው ፈገግ ብሎ ደኅና ደኅናውን ይጠቁማል፤ «የት አንሂድ?» ስትሉ ግን ቆም ብሎ ያስብና እውነቱን ይነግራችኋል።

ስለ ጭቃው ብዙ አልልም፤ ምስጢሩን አሁን አውቀውታል። ፎቶግራፍ አንሺው ሙላቱን ጠብቆ ነው ያነሣው። እኔ በበኩሌ፣ ሰው ይሳቅብኝ እንጂ፣ የጎደለውን ወደብ ከሞላው አስበልጬ እወደዋለሁ። ጀልባው በጎኑ ሲጋደም ባለቤቱ በቦት ጫማ ጭቃው ውስጥ ወርዶ ከሆዱ ላይ የተጣበቀውን የባሕር ሣርና ዛጎል በብረት መፋቂያ ይፍቃል፤ የላላውን ይመታል፤ ቀለም የሚያስፈልገውን ቀለም ይቀባል። ጀልባ ውኃ ላይ ሳለ የማይታየው ግማሽ አካሉ የሚታየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሽታው አስቸግሯችሁ ከነበረም፣ የጎደለ ወደብ የሚሸተው ሁሌም ዓሣ አይደለም፤ የባሕር ሣር ሲበሰብስ የሚወጣው ጋዝ ነው፤ ውኃው ሲመለስ ይጠፋል።

የሌሊቱን የሞተር ድምፅ በተመለከተ፣ እርስዎ ራስዎ ሳያውቁት መልሱን ጽፈውልኛል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ አሥር ከሩብ፣ ከዚያ ሊነጋ ሲል፤ በየሌሊቱ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ጭቃ በሚሆን ወደብ ውስጥ ያለ ጀልባ ሊወጣ የሚችለው ውኃ ሲኖር ብቻ ነውና፣ አጥማጁ እንቅልፉን የሚተኛው ባሕሩ በፈቀደለት ሰዓት ነው። ጭቃ የማይሆን ወደብ ባላቸው መንደሮችም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ አንደኛ ዓሣው ለጠዋት ገበያ መድረስ አለበት፤ ሁለተኛ ሌሊት የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ የብሱ ሲሞቅ ተገልብጦ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል። ሞተር ሳይኖር በሸራ ይጓዙ የነበሩ አጥማጆች በአንዱ ነፋስ ወጥተው በሌላው ይመለሱ ነበር፤ ዛሬም በሸራ የሚያጠምዱ እንዲሁ ያደርጋሉ። እናም ዕረፍተኛ ተቀስቅሶ ቢያጉረመርም ይህ የሚቀየር ነገር አይደለም። የሚቀየረው የእናንተ ቤት ነው። ዘንድሮ ከወደቡ አፋፍ ትታችሁ ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ያለ ቤት ተከራዩ፤ ባሕሩን ከዚያም ታዩታላችሁ፣ ኪራዩም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አንድ ሌሊት ግን፣ አንድ ብቻ፣ ሆን ብላችሁ ተነሡና ወደ ወደቡ ውረዱ። በጨለማው ውስጥ አንድ መብራት፣ ቀጥሎ ሌላ መብራት ሲበራ፣ ሰዎቹ ሳይነጋገሩ የበረዶ ሳጥን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ፣ ገመዱ ተፈትቶ ጀልባው ሲሸሽ ታያላችሁ። ልጅዎ ይህንን ከገንዳው ይልቅ ያስታውሰዋል ብዬ እወራረዳለሁ።

አሁን ወደ ሽማግሌው እንምጣ፤ እዚህ ላይ መዘግየት እፈልጋለሁ፤ እኔም በዚሁ ጥፋት ተይዤ አውቃለሁና። ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለች መንደር ውስጥ ስዘዋወር በወደቡ ድንጋይ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መረብ አገኘሁ። ባሕሩን አሻግሬ እያየሁ ስለነበር አልፎ መሄጃ መንገድ ነው ብዬ ረገጥኩት። በመረቡ ጫፍ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ምንም ቃል አልተናገሩም፤ ጎንበስ ብለው መረቡን ከጫማዬ ሥር ቀስ አድርገው ሳቡትና ሥራቸውን ቀጠሉ። ከስድብ ሁሉ የሚብስ ዝምታ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ልሄድ ስል ግን ዓይኔ እጃቸው ላይ ቀረ። በግራ እጃቸው የተቀደደውን ቀዳዳ ከፍተው ይዘዋል፤ በቀኛቸው ክር የተጠቀለለባት፣ ምላስ የምትመስል ጠፍጣፋ መጥገኛ አለች፤ መጥገኛዋ በአንዱ የመረቡ ዓይን፣ ማለትም በቀዳዳው፣ ትገባለች፣ ትዞራለች፣ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። የእያንዳንዱን ዓይን ስፋት በጣታቸው እየለኩ ነበር የሚያስሩት። ለምን እንዲህ እንደሚጠነቀቁ ስጠይቃቸው፣ ዓይኑ ከጠበበ ትንንሹን ዓሣ ይይዛል፣ ከሰፋ ትልቁን ያመልጠዋል ብለው በአጭሩ መለሱልኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ ከቆየሁ በኋላ የመረቡን ጫፍ እንድወጥርላቸው ሰጡኝ። በዚያን ዕለት ያነሣሁት አንድም ፎቶግራፍ የለም፤ የምጽፍልዎት ግን ያየሁትን ነው።

ባለቤትዎ ያስቆጧቸው ሽማግሌም ሥራ ላይ ነበሩ። እርስዎ በሚሠሩበት ቢሮ ውስጥ አንድ የማያውቁት ሰው በር ከፍቶ ገብቶ፣ ሰላም እንኳ ሳይል፣ ኮምፒዩተር ላይ እንደተቀመጡ ፎቶ አንሥቶዎት ቢወጣ ምን ይሰማዎታል? በዚያ ላይ የተቀደደ መረብ ለባለቤቱ ኪሣራ ነው፤ ሰው በኪሣራው ላይ ተቀምጦ ሳለ ፎቶ መነሣትን አይወድም። ስለዚህ ዘንድሮ ባለቤትዎ ካሜራውን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቤት ይተዉት። ጠዋት ጠዋት በወደቡ ሲያልፉ ሰላምታ ይስጡ፤ ሰላምታው ካልተመለሰም በማግስቱ ይድገሙት። በሦስተኛው ቀን ያ ሰላምታ ወግ ይወልዳል፤ ከወጉ በኋላ «ባነሣዎት ይፈቅዳሉ?» ማለት ይቻላል፤ ካልፈቀዱም ወጉ ይበቃል። ያኔ ያነሧቸውን ሽማግሌ ደግሞ ፈልገው ያግኟቸው፤ ፎቶውን አሳይተው «ሳልጠይቅዎት አንሥቼዎት ነበር፤ ላስቀምጠው ወይስ ላጥፋው?» ቢሏቸው፣ ምላሻቸው ምንም ይሁን ምን ከዚያ በኋላ በመንደሩ ውስጥ እንግዳ አይሆኑም። የመረብ፣ የገመድና የሳጥን ክምር ባለበት ቦታ ዙሮ መሄድን፣ ጀልባ በሚጎተትበት መውረጃ ላይም መኪና አለማቆምን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በነገራችን ላይ፣ ገንዘባችሁ የት እንደሚገባ ማሰብም ተገቢ ነው፤ ደብዳቤዎ ይህንን ባያነሣም። እንደ ተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ግምት በዓለም ከሚጠመደው ዓሣ ቢያንስ 40 በመቶው የሚገኘው ከአነስተኛ አጥማጆች ነው፤ በዚህ ዘርፍ ከተሰማሩት ከአሥሩ አራቱ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዓሣውን በማጽዳት፣ በማድረቅና በመሸጥ ይሠራሉ። እንዲህ ያሉ መንደሮች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት በራሳቸው ውበት ነው። የዕረፍት ቤት ፈላጊው ሲበዛ የቤት ዋጋ ይንራል፤ የአጥማጁ ልጅ በተወለደበት መንደር ቤት መግዛት ያቅተዋል፤ የዕረፍቱ ወቅት ሲያልፍ መንገዱ ሁሉ መብራት በሌላቸው መስኮቶች ይሞላል። በእንግሊዝ ኮርንዋል የሴንት አይቭስ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በሕዝበ ውሳኔ ከ80 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ፣ አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ለቋሚ ነዋሪ ብቻ እንዲሆኑ የወሰኑት ይህ መሮአቸው ነው። በዚያው በእንግሊዝ በዴቨን ያለችው ክሎቬሊ መኪና የማይገባባት፣ ዕቃ በመንሸራተቻ እየተጎተተ የሚወርድባት፣ ጎብኚም ለመግባት የሚከፍልባት መንደር ናት። በጣሊያን ቺንኩዌ ቴሬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን መንደሮች ከሚያገናኙት መንገዶች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በድንጋይ ናዳ ምክንያት ተዘግቶ በ2024 ሲከፈት በቅድሚያ በሚያዝ ቲኬት ሆኗል። እናንተ ብቻችሁን ይህንን አትፈቱትም፤ ነገር ግን ባለቤቱ በመንደሩ የሚኖር ቤት መርጣችሁ መከራየት፣ ለጥቂት ሰዓት ከሚመጣ እንግዳ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት፣ ዓሣውንም ከጀልባው ወይም ከአጥማጁ ቤተሰብ መግዛት ትችላላችሁ።

ዓሣ ስትገዙ ዓይኑን እዩት፤ ትኩስ ከሆነ ጎላና ጠራ ያለ ነው፤ የቆየ ከሆነ ሰርጉዶ ደፍርሷል። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ መሆን አለበት። በጣት ጫን ሲሉት ሥጋው ወዲያው ይመለሳል። ትኩስ ዓሣ እምብዛም አይሸትም፤ «የዓሣ ሽታ» የምንለው ባክቴሪያዎች በዓሣው ሥጋ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ሲሰብሩ የሚፈጠር ነው። ከተፈቀደው መጠን ያነሰ ዓሣ ወይም እንቁላል የተሸከመች ሎብስተር (የሸርጣን ዘመድ የሆነች፣ ትልልቅ መቆንጠጫ ያላት የባሕር እንስሳ) በርካሽ ብትቀርብላችሁ አትግዙ፤ በብዙ አገር ሕግ ስለሚከለክለው ብቻ ሳይሆን፣ መረቡን በጣታቸው እየለኩ የሚሰፉትን ሰዎች ልፋት ስለሚያፈርስ ነው።

ባለቤትዎ ከአጥማጆቹ ጋር በጀልባ መውጣት እንደሚመኙ ደብዳቤዎ ባይነግረኝም እገምታለሁ፤ መረብ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ሁሉ ይህንን ይመኛል። በሥራ ጀልባ ላይ ሄዶ «ውሰዱኝ» ማለት አይገባም፤ ዓሣ ማጥመድ በዓለም ላይ ካሉ እጅግ አደገኛ ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ ገመድ የት እንደሚረገጥ የማያውቅ ሰው በጠባብ ጀልባ ላይ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። በብዙ ወደቦች ግን ጎብኚ ለመጫን ፈቃድ ያለው ጀልባ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚነዳው ራሱ አጥማጅ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጁም በልኩ፣ የአደጋ ጊዜ ተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩን ሳይነሡ በፊት እዩ፤ መቼ እንደምትመለሱም በየብስ ላለ ሰው ንገሩ። በብዙ አገር ባሕረኞች ዘንድ ጀልባ ላይ ማፏጨት ነፋስ ይጠራል ይባላልና ባለቤትዎ የማፏጨት ልማድ ካላቸው ለዚያ ቀን ይተዉት። ሳይንሱ ምንም ይበል፣ መሪውን የያዘውን ሰው ማስከፋት አያስፈልግም።

የመዋኘት ነገር ሲነሣ፣ ክፍት ዳርቻ ላይ ከዳር ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚጎትት ፈጣን ጅረት ሊኖር ይችላል። ከያዛችሁ ወደ ዳር ለመመለስ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ጉልበት የሚጨርሰው ያ ነው። ተንሳፉ፣ እጅ አንሥታችሁ እርዳታ ጥሩ፣ ከቻላችሁም ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን እየዋኛችሁ ከጅረቱ ውጡ።

የቀረው የጊዜ ምርጫ ነው፤ ይህም ቀላል የማይባል ነው። ጨረቃ ስትሞላና ጨርሳ ስትጠፋ፣ ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ስለሚስቡ ሙላቱ ከሌላው ጊዜ ይበልጣል፣ ጉድለቱም ይብሳል፤ ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ግን ልዩነቱ ይጠባል። ልጅ ይዛችሁ ስለምትሄዱ የግማሽ ጨረቃ ቀናት በዕረፍታችሁ መካከል እንዲውሉ አድርጋችሁ ቀን ምረጡ፤ ወደቡም ያን ያህል አይራቆትም። በዚህ ምርጫ የምታጡት አንድ ነገር አለ። በመብራት ዓሣ ስበው በሚያጠምዱ መንደሮች ውስጥ፣ ሙሉ ጨረቃ የመብራቱን ኃይል ስለምታከሽፍ አጥማጆቹ በእነዚያ ሌሊቶች ብዙም አይወጡም፤ ቀን ላይ በወደቡ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ፣ ሰውም ያጫውታሉ። እኔ ብቻዬን የምሄድ ብሆን ያን ሳምንት እመርጥ ነበር፤ ለእናንተ ግን ግማሽ ጨረቃ ትሻላለች።

እንግዲህ ፍርዱን ከጠየቁኝ፣ ከባለቤትዎ ጋር ውል ይግቡ። ወደ መንደሩ ትመለሳላችሁ፤ ቤቱ ወደ ላይ ከፍ ያለ ይሆናል፤ የውኃው ሰዓት በር ላይ ይለጠፋል፤ ማንቂያው ሲጮህ «ትንሽ እንቆይ» የሚል ክርክር አይኖርም። ባለቤትዎ በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ የሚስቁ ከሆነ ገንዳ ያለውን ሆቴል ያስይዙ፤ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።

ለልጅዎ የማያንሸራትት ጫማ ይያዙለት፤ የባሕር ሣር የለበሰ ዐለት ከበረዶ ባልተናነሰ ያንሸራትታልና። ለሸርጣኖቹ ደግሞ ባልዲ ያስፈልጋል። ውስጡ ከቧንቧ ሳይሆን ከባሕሩ የተቀዳ ውኃ ይሁን፤ በጥላ ሥር ያስቀምጡት፤ ሸርጣን ከሸርጣን ስለሚጣላ ሦስት ወይም አራት ከሆኑ ይበቃሉ። ወደ ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ልጅዎ ራሱ፣ ከያዛቸው ቦታ ላይ፣ ባልዲውን ቀስ አድርጎ ያዘንብልላቸው፤ ሁሉም ወደ ጎን እየሮጡ ሲገቡ ቆሞ ይያቸው።